በሕዝብ መዋጮ የሚሠራ ኦንላይን ጌም መቼ ይደርሳል?

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ሰላምታውን ቶሎ ጨረሰና ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ጋሼ፣ አንድ ጌም አለ። ገና እየተሠራ ነው። አሁን ለከፈለ ሰው መሬትና ፈረስ ቀድመው ይሰጡታል። አንተ ጋ ካርድ አለ አይደል? 60 ዶላር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ይወጣል።»

መጨረሻ ላይ ያላት ነገር ያዘችኝ። «በሚቀጥለው ዓመት ይወጣል» የምትለዋን ከ2013 ጀምሮ ስሰማት ኖሬያለሁ። አምኛትም ከፍያለሁ። ጓደኞቼንም አስከፍያለሁ።

ልጁ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መቸለስ አልፈለግኩም። ጌሙን ምን ያህል እንደጓጓለት ድምፁ ያስታውቃል። እኔም ይህን ዓይነት ጌም እወዳለሁ። ስለዚህ ስልኩን ሳንዘጋ የዘመቻውን፣ ማለትም መዋጮው የሚሰበሰብበትን ገጽ ከፍተን አብረን አነበብነው። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን ለእሱ ያልኩትን ነው፤ ትንሽ ሰፋ አድርጌ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኔ እዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሆኜ ማታ ማታ ፓርኪንግ ስሠራ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና እምብዛም አይመጣም። የፓርኪንጉ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትንሿን ማሞቂያ እግሬ ሥር አደርግና ላፕቶፔን እከፍታለሁ። ሰባት ጓደኛሞች ነበርን። ሦስታችን ዲሲ አካባቢ፣ ሁለቱ ዳላስ፣ አንዱ ስቶክሆልም፣ አንዱ ዱባይ። አንድ ሰፈር፣ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው ያደግነው። ከተበታተንን በኋላ ሰባታችንም የምንገናኝበት ቦታ ቅዳሜ ማታ ኦንላይን ጌም ውስጥ ብቻ ሆነ። ለሌላ ሰው ጨዋታ ነው። ለእኛ ድሮ ተሰብስበን የምንቀመጥበት የሰፈራችን ድንጋይ ነበር።

ታዲያ አንድ ስቱዲዮ «የራሳችሁን መንደር የምትመሠርቱበት ዓለም ልንሠራ ነው፤ አግዙን» ብሎ ሲመጣ ልባችን ተነሳ። ስሙን መጥቀስ አልፈልግም። እያንዳንዳችን 150 ዶላር አዋጣንና መንደር የሚያሰጠውን የ1,000 ዶላር ደረጃ ወሰድን። መንደሯን በሰፈራችን ስም ልንጠራት ተስማማን። ገጹ ላይ «የሚጠበቅ መላኪያ ቀን» የሚል ነገር አለ። ከ18 ወር በኋላ ይላል። እኔ ያን ቀን እንደ ሠርግ ቀን ነበር የያዝኩት።

18ቱ ወር አለፈ። ሁለት ዓመት ሆነ። ሦስተኛው ሊሞላ ሲል የመጀመሪያው አልፋ፣ ማለትም ገና ያላለቀው የሙከራ ቅጂ፣ ተከፈተ። ዱባይ ያለው ጓደኛችን ከእኛ ጋር ለመግባት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሳ። ገባን። ሣር አለ፣ ሰማይ አለ፣ አንድ የእንጨት ድልድይ አለ። ድልድዩን ስሻገር መሬቱ ከእግሬ ሥር ጠፋና ወደ ታች መውደቅ ጀመርኩ። ድልድዩ ከላዬ እየራቀ ይሄዳል፤ የማርፍበት ነገር ግን የለም። ወጥቼ ተመልሼ ገባሁ። ትንሽ ቆይቶ ሰው ሲበዛ ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ። አንዱ ሰይፉን እንዳነሳ ቀረ። ሌላው እንደዘለለ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ሁላችንንም የሚያገናኘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ወደቀ። ስክሪኑ ጥግ ላይ በውስጥ ያለው ሰው ቁጥር ይታይ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት 43 ነው። ዘመቻው ላይ የተጻፈው «በሺህ የሚቆጠሩ ተጫዋቾች በአንድ የጦር ሜዳ» የሚል ነበር።

ያን ማታ አልተናደድንም። እንዲያውም ደስ ብሎን ስንስቅ አመሸን። ዛሬ ሳስበው ግን መልሱ ያኔ ዓይናችን ፊት ነበር። ሦስት ዓመት የተሠራበት ነገር 43 ሰው መሸከም አልቻለም።

ደብዳቤዎቻቸውም ይናገሩ ነበር፤ እኛ አላነበብናቸውም እንጂ። መጀመሪያ ላይ «በማርች ቤታ የሚባለውን ቀጣዩን ሙከራ እንጀምራለን» ይሉ ነበር። ቀጥሎ «በበጋው» ሆነ። ቀጥሎ «በዚህ ዓመት ውስጥ»። መጨረሻ ላይ «ዝግጁ ሲሆን»። ወር የነበረው ወቅት ሆነ፣ ወቅቱ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም ጠፋ። በየወሩ ይመጣ የነበረው ደብዳቤ በየሦስት ወሩ መምጣት ጀመረ። ስድስተኛው ዓመት ላይ ገንዘብ አልቋል የሚል አጭር ጽሑፍ ደረሰንና ነገሩ ተዘጋ። መንደራችንን ሳናያት ቀረን።

150 ዶላር ያኔ ለእኔ ከአንድ ሌሊት ሥራ በላይ ነበር። ከብሩ ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። በእነዚያ ዓመታት «ያኛው ሲወጣ እንጫወታለን» እያልን ያሉትን ጌሞች ሳንነካ ተቀመጥን። ቅዳሜዎቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ዳላሶቹ ወለዱ። የስቶክሆልሙ ፈረቃው ተቀየረ። ቀኑን በትክክል ብናውቀው ኖሮ እንደዚያ አንጠብቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝኩ። ሦስት ዓምድ አለው። ቃል የተገባው ቀን፣ የተራዘመው ቀን፣ በእርግጥ የሆነው። የማስገባው በአደባባይ የሚታወቁትን ጌሞች ነው። ከውስጡ ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው መስመር ስታር ሲቲዝን የሚባለው የጠፈር ጌም ነው። ሠሪው ክሪስ ሮበርትስ በኦክቶበር 2012 ይፋ አደረገው። ኪክስታርተር የሚባለው የመዋጮ መሰብሰቢያና የራሳቸው ድረ ገጽ ተደምሮ ዘመቻው ሲያልቅ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ ነበር። የሚጠበቀው ቀን ኖቬምበር 2014 ነበር። በ2024 መዋጮው 700 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ጌሙ ያኔም አልፋ ነበር። ሰው ይገባበታል፣ የጠፈር መርከብ ያበርራል፣ በጣም የሚወዱትም አሉ። ግን አላለቀም። ገንዘብ ሲበዛ ቶሎ ይደርሳል ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ካለ ይህን መስመር ነው የማሳየው። ገንዘቡ በጨመረ ቁጥር ቃል የሚገባው ነገርም ጨመረ።

ክሮውፎልን ተመልከቱ። በ2015 መጀመሪያ ኪክስታርተር ላይ ከ1.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። የሚጠበቀው ቀን ዲሴምበር 2016። የወጣው ጁላይ 2021። አራት ዓመት ተኩል ዘግይቶ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ በኖቬምበር 2022 ሰርቨሮቹ ተዘጉ። ይህ መስመር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሰዎቹ ጌሙን አድርሰዋል። ለመድረስ የፈጀው ጊዜ ግን ከኖረበት ዕድሜ በብዙ እጥፍ በለጠ። የስድስት ዓመት ጉጉት ይዞ የመጣ ሰው የሚጠብቀውን ማርካት ቀላል አይደለም።

ካሜሎት አንቼይንድ በ2013 2.2 ሚሊዮን ዶላር አገኘ፤ ለዲሴምበር 2015 ታቅዶ የመጀመሪያው ቤታ የተከፈተው በጁላይ 2018 ነው። ክሮኒክልስ ኦቭ ኤሊሪያ በ2016 1.36 ሚሊዮን ዶላር አግኝቶ ለዲሴምበር 2017 ተባለ፤ በማርች 2020 ስቱዲዮው ገንዘብ አልቆብኛል ብሎ ሠራተኞቹን አሰናበተ። አሽስ ኦቭ ክሪኤሽን በ2017 ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ለዲሴምበር 2018 ነበር የታሰበው። ሁለተኛው አልፋ የተከፈተው ኦክቶበር 2024 ነው።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው የፓንቲዮን መስመር ነው። ኤቨርክዌስት የተባለውን ታዋቂ ጌም ከፈጠሩት አንዱ የነበረው ብራድ ማክዌይድ በጃንዋሪ 2014 ኪክስታርተር ላይ 800 ሺህ ዶላር ጠየቀ። አልሞላም። ኪክስታርተር ላይ የተጠየቀው ካልሞላ ማንም ሳንቲም አይከፍልም። ሰውየውና ጓደኞቹ ግን አልተዉትም። በራሳቸው መንገድ ደጋፊ እያሰባሰቡ ቀጠሉ። ማክዌይድ በኖቬምበር 2019 አረፈ። ጌሙ ገና ሳያልቅ ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ ለሕዝብ የቀረበው ዲሴምበር 2024 ነው። የጀመረው ሰው አላየውም።

ጥሩ መስመሮችም አሉ። ኤሊት ዴንጀረስ በ2012 መጨረሻ እንግሊዝ አገር ተጀምሮ ከ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አገኘ። ለማርች 2014 ታቅዶ ዲሴምበር 2014 ወጣ። ዘጠኝ ወር ብቻ ነው የዘገየው። ለምን? ሠሪው ዴቪድ ብሬበን የመጀመሪያውን ኤሊት ከኢያን ቤል ጋር በ1984 የሠራ ሰው ነው። ድርጅቱ ፍሮንቲየር ከ1994 ጀምሮ ያለ ነው። የራሱ ኢንጂን (ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር)፣ አብሮ መሥራት የለመደ ቡድን ነበረው። እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር ጎደለ። ያለ ኢንተርኔት ብቻን መጫወት ይቻላል ተብሎ ነበር፤ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው ቀርቷል ተባለ። በቀኑ አካባቢ የደረሰ ጌም የሆነ ነገር ቆርጦ ነው የሚደርሰው።

ቴምቴም የሚባለው የስፔኖቹ ጌምም አለ። በ2018 ዘመቻ አድርጎ፣ በጃንዋሪ 2020 ገና ሳያልቅ መሸጥ ጀምሮ፣ በሴፕቴምበር 2022 ሙሉ ሆኖ ወጣ። ውጊያው በተራ ነው፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ይጠብቃል። በአንድ ሜዳ ሺህ ሰው አይዋጋበትም። የቃሉን ስፋት ከአቅሙ ጋር አስማምቶ የተነሳ ጌም ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንድ ነገር ነው ደጋግሞ የሚታየኝ። የዘመቻው ገጽ ላይ ያለው ቀን የሚጻፈው ሥራው ሳይጀመር፣ ቡድኑ ሳይሟላ፣ ገንዘቡም ሳይገባ ነው። ጻፉ ስለሚባሉ ይጽፉታል። በልባቸው ያለውን ምኞት ነው የሚጽፉት። ዋሽተው ነው ማለቴ አይደለም። አብዛኞቹ ራሳቸውም አምነውት ነው። ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። መሠረት ሳይወጣ «ለመስከረም እንገባለን» የሚል አናጢ ሌባ ላይሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ ይህ የጌም ብቻ ችግር አይደለም። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ኢታን ሞሊክ በ2014 ባሳተመው ጥናት፣ ኪክስታርተር ላይ የተሳካላቸውን የቴክኖሎጂና የንድፍ ሥራዎች ተመልክቶ ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዘግይተው እንደሚያደርሱ አግኝቷል። ብዙ ሰው የሚጫወትበት ኦንላይን ጌም ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይከብዳል።

ለምን እንደሚከብድ በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ሜዳ ላይ አሥር ሰው ቆሟል እንበል። እያንዳንዱ የሌሎቹን ዘጠኝ እንቅስቃሴ ማየት አለበት። ሰርቨሩ በየቅጽበቱ 90 መልእክት ያመላልሳል። ሰዉ 100 ሲሆን እያንዳንዱ 99ኙን ማየት አለበት። 9,900 መልእክት። ሰዉ በአሥር እጥፍ ጨመረ፣ ሥራው በ110 እጥፍ። ይህ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። እኛን 43 ላይ የጣለን ይኸው ሒሳብ ነው። ከሩቅ ያለውን መተው፣ የቅርቡን ብቻ መላክ፣ ሜዳውን ለብዙ ሰርቨሮች መከፋፈል የሚሉ መፍትሔዎች አሉ። እያንዳንዱ ግን የዓመታት ሥራ ነው። ስታር ሲቲዝን ሰርቨሮችን አገናኝቶ አንድ ዓለም አድርጎ የማሠራቱን ሥራ ለሁሉም ተጫዋች ያቀረበው በዲሴምበር 2024 ነው። ከጀመሩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ማለት ነው።

በዚያ ላይ ዓለሙ ማታ አይዘጋም። አንተ ስትተኛ ቤትህ፣ ወርቅህ፣ ሰይፍህ የሆነ ቦታ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ያ የተጻፈው አንድ ቀን ቢጠፋ ተጫዋቹ አይመለስም። አንድ ሰው ወርቁን ሁለት ማድረጊያ ቀዳዳ ካገኘ ደግሞ የዚያ ዓለም ገበያ በአንድ ሳምንት ይበላሻል። ብቻህን የምትጫወተው ጌም ላይ ይህ ሁሉ ራስ ምታት የለም።

ኢንጂን መቀየር የሚባለውንም እወቁ። ኢንጂን ማለት ጌሙ የሚሠራበት መሠረት ነው። ረጅም ዓመት የሚፈጅ ጌም መሠረቱ ያረጅበታል። አሽስ ኦቭ ክሪኤሽን ከአንሪል 4 ወደ አንሪል 5 ተሻግሯል። ስታር ሲቲዝንም በ2016 መጨረሻ ከክራይኢንጂን ወደ ላምበርያርድ ዞርን ብሏል። «ኢንጂን ልንቀይር ነው» የሚል ደብዳቤ ስታዩ ምስሉ እንደሚያምር ይነገራችኋል። እናንተ ቀን ጨምሩ።

ሀብታም ድርጅት እንኳ በዚህ ተፈትኗል። ብሊዛርድ ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍትን በ2001 ይፋ አድርጎ በኖቬምበር 2004 አወጣው፤ ሥራው የተጀመረው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። አማዞን ኒው ወርልድን በ2016 አሳውቆ፣ ለሜይ 2020 ቀን ቆርጦ፣ ደጋግሞ አራዝሞ ሴፕቴምበር 2021 አወጣው። የአማዞንን ያህል ገንዘብና ሰርቨር ያለው ድርጅት አምስት ዓመት ከፈጀበት፣ 20 ሰው ይዞ በ18 ወር እጨርሳለሁ የሚል ስቱዲዮ ምን ያህል ሊሳካለት እንደሚችል አስቡት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ የሰማኝ እዚህ ጋ ስደርስ ነው።

«2 ሚሊዮን ዶላር ሰብስበዋል» ሲባል ብዙ ይመስላል። ኪክስታርተር 5 በመቶ ይወስዳል። ለካርድ ክፍያው ሌላ 3 በመቶ ገደማ ይሄዳል። 1.84 ሚሊዮን ቀረ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ከነግብሩ፣ ከነኢንሹራንሱ፣ ከነኮምፒውተሩ በወር 8,000 ዶላር ያስወጣል ብላችሁ ያዙ፤ ለጥሩ ፕሮግራመር ይህ ትንሽ ነው። 20 ሠራተኛ በወር 160,000 ዶላር ነው። ያ ገንዘብ ለአሥራ አንድ ወር ተኩል ይበቃል። ቃል የተገባው ደግሞ ለ18 ወር ወይም ለሁለት ዓመት ነው። እንደ ደብተሬ ከሆነ ብዙ ጊዜ በእርግጥ የሚፈጀው አምስትና ከዚያ በላይ ዓመት ነው።

የቀረው ከየት ይመጣል? ይህን ጥያቄ ያልመለሰ ገጽ ላይ ካርድ አታውጡ። ከባለሀብት ሊመጣ ይችላል። መሥራቹ ከራሱ ሊያወጣ ይችላል። ወይም ጌሙ ሳይወጣ መርከብ፣ መሬት፣ ልብስ ለእናንተው እየሸጡ ነው የሚኖሩት። ይህ ሦስተኛው ሲሆን ጠንቀቅ በሉ። ስቱዲዮው ደመወዝ ለመክፈል በየወሩ የሚሸጥ አዲስ ነገር መሥራት ይኖርበታል። አዲሱን ነገር የሚሠራው ሰዓሊና ፕሮግራመር ጌሙን መጨረስ የነበረበት ሰው ነው። እኛ ጋ የሆነው ይኸው ነበር። ድልድዩ ላይ መሬቱ እየጠፋ፣ ሱቁ ውስጥ ግን በየወሩ አዲስ የፈረስ ኮርቻ ይወጣ ነበር። ኮርቻዎቹ ያምሩ ነበር። አንዱን ጓደኛዬ ገዝቶታል።

የተጨማሪ ግብ ነገርም አለ። «ግማሽ ሚሊዮን ከጨመራችሁ የባሕር ውጊያ እንጨምራለን፤ ሌላ ሩብ ከጨመራችሁ አዲስ የገጸ ባሕርይ ዘር እንጨምራለን» ይባላል። ቁጥሩ ሲያልፍ ሁሉም ያጨበጭባል። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ግን የባሕር ውጊያ ለብቻው አንድ ጌም ነው። ያን ማታ ያጨበጨብነው ለሁለት ዓመት መዘግየት ነበር። ግቡ ሲጨምር መላኪያው ቀን አብሮ ከተገፋ ጥሩ ምልክት ነው። ግቡ ጨምሮ ቀኑ እዚያው ከቆመ፣ ቀኑን ማንም እየተመለከተው አይደለም ማለት ነው።

ስለ አልፋና ቤታም አንድ ነገር ልበል። ድሮ አልፋ ማለት ነገሩ ሁሉ አለ፣ ግን ይሰባበራል ማለት ነበር። ቤታ ማለት አልቋል፣ ስህተት እየለቀምን ነው ማለት ነበር። ዛሬ በመዋጮ የሚሠሩት ስቱዲዮዎች ቃሉን እንደፈለጉ ነው የሚጠቀሙበት። ቅድመ አልፋ፣ አልፋ አንድ፣ አልፋ ሁለት፣ ቤታ አንድ፣ ለስላሳ ምርቃት እያሉ ይደረድራሉ። ስለዚህ ስሙን ትቼ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በቀን ለስንት ሰዓት ነው ክፍት የሚሆነው? በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ያለ ችግር ይዟል? የሠራሁትን ነገር ከአሁን በኋላ ትሰርዙታላችሁ ወይ? ሰርቨሩ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ገና ሩቅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቀንና ሌሊት ሠርቶ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው አንድ ሜዳ ላይ ተዋግቶ ካልወደቀ፣ ያኔ ስለ ቀን ማውራት ይቻላል። «ከእንግዲህ አንሰርዝም» ካሉ ደግሞ በእኔ ግምት ጌሙ ወጥቷል፤ ስም ምንም ይስጡት ምን።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ሰርቨሩ የት ነው? አብዛኛው ጊዜ ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ ነው የሚሉት። በፈተናው ጊዜ ደግሞ አሜሪካ ብቻ የሚከፍቱ አሉ። ከአዲስ አበባ አሜሪካ ሰርቨር ላይ በሰይፍ መዋጋት ከባድ ነው፤ አንተ ስትመታ ሰውዬው ሄዷል። በተራ የሚመታበት ጌም ከሆነ ግን ብዙም አይጎዳም።

ገንዘብ ስለ መመለስ፦ ኪክስታርተር ራሱ እኔ ሱቅ አይደለሁም ይላል። ዘመቻው እስኪዘጋ ድረስ መሰረዝ ይቻላል። ከተዘጋ በኋላ ገንዘባችሁ ያለው ስቱዲዮው እጅ ነው፤ ይመልሱ አይመልሱ ከእነሱ ጋር ነው ጉዳያችሁ። ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ ጋ ቅሬታ የሚቀርበውም በወራት የሚቆጠር ገደብ አለው። ጌሙ እንደማይመጣ የሚታወቀው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ በዘመድ ካርድ ስትከፍሉ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የዘመድን ገንዘብ የማይመጣ ነገር ላይ ማስቀመጥ በቤተሰብ መሃል ቅሬታ ይፈጥራል። እኔ የጓደኞቼን ፊት ለማየት ያፈርኩበት ጊዜ ነበር፤ አዋጡ ያልኳቸው እኔ ነኝና። አንዳቸውም አንድ ቀን እንኳን አላነሱብኝም። እኔ ግን አልረሳሁትም።

አሁን አንድ ዘመቻ ሳይ የማደርገው ይህ ነው። የተጻፈው ቀን ላይ አራት ዓመት እጨምራለሁ። ቡድኑ ከዚህ በፊት ኦንላይን ጌም አውጥቶ የሚያውቅ ከሆነና የሚሠራ ኢንጂን በእጁ ካለ ወደ ሁለት እቀንሰዋለሁ። ከዚያ ራሴን እጠይቃለሁ። በዚያ ዓመት ይህን ጌም የምጫወት ሰው እሆናለሁ? ልጅ ይኖረኛል? ሥራዬ የት ይሆናል? አዎ ካልኩ ትንሹን ደረጃ እገዛለሁ። ትልቁን ደረጃ ከእንግዲህ አልነካውም። መንደርም ሆነ ቤተ መንግሥት ጌሙ ከወጣ በኋላ በጨዋታ የሚገኝ ነገር ነው፤ ጣዕሙም ያኔ ነው።

ወደ አክስቴ ልጅ ጌም ልመለስ። ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበብነው። ዘጠኝ ሠራተኛ አላቸው። ከመካከላቸው ኦንላይን ጌም ላይ የሠሩት ሁለት ናቸው። ቪዲዮው ያምራል፤ ግን በቪዲዮው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሰው አንድ ብቻ ነው። ደግመን አየነው። ሌላ ሰው የለም። ብዙ ሰው የሚጫወትበት ጌም ቪዲዮ ላይ ሁለት ሰው አንድ ላይ አልታየም። ይህን ያስተዋለው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

«ጋሼ፣ ሰርቨር የላቸውም ማለት ነው?»

«ቢያንስ ገና አላሳዩንም» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና «እና ምን ላድርግ?» አለ። 20 ዶላር የሚል ደረጃ ነበር፤ እሱን ልከፍልለት እንደምችል ነገርኩት። 40ው እጁ ላይ ይቆያል። እሱ ግን መጠበቁን መረጠ። የመጀመሪያውን የሰርቨር ፈተና ሲያደርጉ ስንት ሰው እንደያዘ አይቶ ይደውልልኛል። የጌሙን ስም ደብተሬ ላይ አዲስ መስመር ከፍቼ ጻፍኩት። ቃል የተገባው፦ የሚቀጥለው ዓመት። የእኔ ግምት ደግሞ በእርሳስ፣ ከጎኑ።

እስከዚያው ከሁለት ዓመት በፊት የወጣ፣ ሰርቨሩ አውሮፓ የሆነ፣ በነፃ የሚገባበት ጌም አገኘን። በተራ ነው የሚመታው። ቅዳሜ በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንገባለን፤ እኔ ጋ ቀን ነው። ያለፈው ቅዳሜ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሰኞ ዕለት ለዱባዩ ጓደኛዬ ጻፍኩለት። ያቺ ሰዓት እሱም ጋ ማታ ናት፤ ከእንቅልፍ መነሳት የለበትም። የዚህን ሳምንት ቅዳሜ እገባለሁ ብሏል።